የነፋስ ትኬት

«ሰማይ ጠቀስ» እንለዋለን እኛ በቋንቋችን፤
ማዶ የቆመውን ሳየው ከመስኮታችን
ይጠቅሳል፣ ይጠቅሳል እንደ ሰፈር ጎረምሳ፤
ሰማዩ ግን አንዴ እንኳ ስሙን አላነሳ።

ኡም ኸልፋን ሰማንያ አንድ፣ እኔ ሠላሳ ሁለት፤
ሠላሳ ሰባተኛ ፎቅ፣ ደጅ ማለት ሊፍት ማለት።
እሷ በባለጎማው ወንበር፣ እኔ ከኋላዋ፤
በዚህ ቤት ገፊዋ እኔ ነኝ፣ እሷ ናት ተገፊዋ።

ልጇ ኸልፋን ነው ያመጣት። የዴራን ግቢ ሸጦ፣
ከነጉድጓዱ፣ ከነቁርቁራው፣ በአንድ ፊርማ ለውጦ፤
«እናቴ ባሕሩን እያየች ትረፍ» አለ።
ባሕሩስ ይታያል፤ ድምፁ ግን የት አለ?
መስኮቱ አይከፈትም። ኤሲው ያንኮራፋል።
ማለዳ ማለዳ፣ «ነፋሱ ዛሬ በየት ያልፋል?
ሸማል ነው ወይስ ከውስ?» ትለኛለች።
(ሸማል ከሰሜን፣ አቧራ ጫኝ፤
ከውስ ከደቡብ፣ ዝናብ ያዘለ። እሷ ናት ያስተማረችኝ።)
እኔም መዳፌን መስታወቱ ላይ ለጥፌ፣
«ሸማል ነው፣ ማማ» ይላታል ዋሾ አፌ።

አባቷ ዕንቁ አጥማጅ ነበር፣ ቤቷ ነፋስ አጥማጅ፤
ባርጂል የሚሉት ግንብ፣ በአራቱም ማዕዘን ደጅ፣
ከየትም ቢነፍስ ጎርሶ ቁልቁል የሚያወርድ።
ድንጋይ የሚያልበውን የዴራን ሐምሌ
ከዚያ ጉሮሮ ሥር ተኝታ ያደገች ልጅ።
ጣሪያው ላይ ዓሣ ይሰጣል፤ ጣሪያው ላይ ይታማል፤
የባሉቹ ሙራድ ዳቦ ሲያር ሽታው ሰባት ቤት ይሰማል፤
ልብስ ሰፊው ኩቲ፣ የማላባሩ ሰው፣ በዱቤ ይሰፋል፣
የሰፈሩን ዕዳ ግድግዳ ላይ በከሰል ይጽፋል።
ግድግዳው ሲፈርስ ዕዳው አብሮ ፈረሰ፤
ባለዕዳው ሳቀ አሉ፣ ኩቲ ግን አለቀሰ።

እዚህስ? የፊት ለፊቱን ሰው የማውቀው በጫማው ነው፤
ቡናማ፣ ተረከዙ የተበላ፣ ከበሩ ፊት የሚተወው።
አንድ ሌሊት ሲያስነጥስ በግድግዳው ሰማሁ፤
«ይማርህ» ልል ፈለግሁ፣ በየት በኩል እንደምል አጣሁ።

አንድ ሐሙስ፣ «ቤቴ ውሰጂኝ» አለች።
«ቤትሽ እኮ ፈርሷል፣ ማማ።»
«ቦታውስ?» አለች።

ሦስት ፎቅ በቅሎበታል። ከመካከለኛው እግር ሥር
«የቅርስ መንደር» የሚል ሰሌዳ፣ አዲስ የተሠራ የአሮጌ አጥር፣
መብራት የታሰረለት፣ በሲሚንቶ የተቀረጸ ባርጂል፤
ዘበኛው ቢሻል፣ የኔፓል ልጅ፣ በትሕትና «ትኬት» ሲል።
ሃያ አምስት ድርሃም በሰው። ለአረጋውያን ግማሽ፣ መታወቂያ ካለ።
መታወቂያዋ ከልጇ ኪስ ነው፤ ገንዘቧም እዚያው።
«ልጄ፣ እዚህ ነው የተወለድሁት» አለችው፤
«ያን ጊዜ ወረቀት የለም። ወረቀቴ ቤቱ ነው።»
ቢሻል መሬት መሬት አየ። «ማዳም፣ ደንብ ነው።»
ሃምሳ ድርሃም ከፈልሁ፣ ከራሴ፣ ከደሞዜ፤
የገዛ ቤቷን ገዛሁላት፣ ለትንሽ ጊዜ።

ከባርጂሉ ሥር አቆምኋት። ሻሿን ገለጥ፣ አንገቷን ቀና፣
አፏን ከፈት አድርጋ ጠበቀች፣ ገና፣ ገና።
አንጋጥጬ ሳይ የግንቡ አፍ ተደፍኗል፤
ካሜራ ተተክሎበት ቀይ ዓይኑ ይበራል።
ልንገራት አልሁ።
ተውሁት።
ሁለቱን ትኬቶች ደርቤ፣ ከኋላዋ ጎንበስ፣
አራገብሁላት በቀኝ ጆሮዋ፣ ቀስ፣ ቀስ፣
ክንዴ እስኪዝል።

ዓይኗን ጨፈነች። ቆየች።
«ከውስ» አለች።
«ዝናብ አዝሏል። ምን ትቆሚያለሽ?
ሩጪ፣ ዓሣውን ከጣሪያ አውርጂ!»